የዳሌ ወለል ሕክምና በባሕር ዳር፦ ገንዘቡን ያወጣል ወይ?

ዋጋውን አስቀድሜ ልናገር፤ የሚጠይቁኝ ሴቶች ሁሉ የሚጀምሩት ከእሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን 900 ብር፣ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀጠሮ 600 ብር። እንደ እኔ ከፍኖተ ሰላም የምትመጣ ከሆነ የመኪናው፣ የባጃጁና የምሳው ይጨመርበታል፤ መንገድ ካስመሸ ደግሞ የማደሪያው። የግል ክሊኒክ ስለሆነ የጤና መድን መታወቂያዬ እዚያ አያገለግልም። በጥልፍ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ አንድ የሐበሻ ቀሚስ ተጠልፎ እስኪያልቅ ምን ያህል እንደሚያጎብጥ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ብር ከእጄ ሲወጣ አንጀቴ አይችልም። ፊኛንና ማኅፀንን ከሥር የሚሸከመውን ጡንቻ የሚያክመውን ይህን ሕክምና ግን ያወጣል እላለሁ። ለሁሉም ሴት አይደለም፤ ለማን እንደሚያወጣና ለማን እንደማያወጣ እለያለሁ።

የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ ከምስጋናዬ ጋር የምነቅፈው አለኝና። ባሕር ዳር ውስጥ ነው። ወገቡን የሚያመው፣ ስትሮክ የመታው፣ ስብራቱ ድኖ እግሩ አልታዘዝ ያለው ሰው የሚመላለስበት ተራ የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ነው። የዳሌ ወለል ሕክምና የምትሰጠው አንዲት ወጣት ባለሙያ ናት። እኔ «ሲስተር» እላታለሁ፤ ነርስ አይደለችም፣ ግን አንድም ቀን አርማኝ አታውቅም።

የእኔ ሕመም ከእምብርት በታች ይነሣና ወደ ጭራ አጥንት ይሄዳል። ስቀመጥ ይብሳል፤ ሥራዬ ደግሞ መቀመጥ ነው። ሽንት ከሸናሁ በኋላ ያቃጥለኛል። ከባለቤቴ ጋር ስገናኝ መጀመሪያ ይወጋኛል፣ ቀጥሎ ያቃጥለኛል፣ በማግስቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የታችኛው ሆዴ ከብዶኝ ይውላል። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ የዳሌ ሕመም በሐኪሞች ዘንድ «ሥር የሰደደ» ይባላል፤ የእኔ ያንን ካለፈ ዓመታት ሆነውታል። የሽንት ምርመራ ተደርጎልኛል፤ ካልቸሩ፣ ማለትም ሽንቱ ውስጥ ተህዋስ ካለ አብቅሎ የሚያሳየው ምርመራ፣ ምንም ተህዋስ አላበቀለም፣ ፀረ ተህዋስ ግን ታዘዘልኝ። ሲያልቅ ሌላ ታዘዘ። አልትራሳውንድ ተነሣሁ፤ «ማኅፀንሽ ንጹሕ ነው» ተባልሁ። አንዱ ሐኪም «ስትወልጂ ይለቅሻል» አለኝ፤ ሁለት ልጆች እንዳሉኝ ካርዱ ላይ ተጽፏል። አማቴ «ብርድ ነው» ብለው ፌጦ አጠጡኝ። ጸበልም ተጠምቄአለሁ፤ ስለ እሱ ግምገማ አይጻፍም።

«ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል የሚያጽናና ይመስላል፤ በእኔ ላይ ግን ያመጣው ሌላ ነው። ሥዕሉ ንጹሕ ከሆነ ሕመሙ ከየት መጣ? አመለኛ ነሽ፣ ወይም ባልሽን ጠልተሻል ማለት ነው። ይህን ማንም በግልጽ አልተናገረኝም፤ ግን በቤቴ ውስጥ ዓመታት ሲብላላ ኖሯል። አሁን የተረዳሁት፣ አልትራሳውንድ የጡንቻን መኮማተር ሊያሳይ ያልተነሣ ምርመራ መሆኑን ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለውን፣ የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋንን የሚመስል አካል ከማኅፀን ውጭ የሚበቅልበትን ሕመም እንኳን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ሕመም በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉን እንደሚይዝ ይናገራል። ከዚህ ሁሉ ሴት ስንቷ «ንጹሕ ነሽ» ተብላ ወደ ቤቷ እንደተመለሰች እናንተው አስቡት።

ወደ ክሊኒኩ ልመለስ። ሲስተር ገንዘቤን ከመቀበሏ በፊት የማኅፀን ሐኪም ያየኝ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ጠየቀች። በእጄ የነበረው የቆየ ስለሆነ አልተቀበለችም፤ ሌላ አምጪ አለችኝ። ያን ቀን ሳልታከም ወደ ፍኖተ ሰላም ተመለስሁ፤ በቡሬ በኩል እስክንደርስ ድረስ እየተነጫነጭሁ ነበር። አሁን ሳስበው በክሊኒኩ ከወደድሁት ነገር አንደኛው ይህ ነው። የመጣላትን ሁሉ አልጋ ላይ አጋድማ ብር የምትቀበል አይደለችም። አዲሱ የማኅፀን ሐኪም በዚያ ሰበብ በደንብ መረመረኝ፤ ሌላ አስጊ ነገር እንደሌለ አየና ማታ ማታ የምወስደው አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን ጻፈልኝ። ለድብርት የተሠራ መድኃኒት ቢሆንም ሥር ለሰደደ ሕመምም ይታዘዛል። አፍ ያደርቃል፣ ጠዋት ላይ ከእንቅልፍ ያንገላጅጃል፤ እኔ ግን ሌሊት መተኛት ጀመርሁበት።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ከሞላ ጎደል ጥያቄ ብቻ ነው። 900 ብር ለጥያቄ? ብዬ ነበር በልቤ። በሩን ዘጋች፣ ስልኳን አጠፋች፣ ከዚያ ጀመረች። «ሲያምዎት መግቢያው ላይ ነው ወይስ ጥልቅ ውስጥ? በዚያው ሰዓት ነው ወይስ በማግስቱ? ከወር አበባ በፊት ይከፋል? ሽንት ለመጀመር ይጠብቃሉ? ሰገራ ይደርቅብዎታል? ሲሠሩ ሆድዎን ወደ ውስጥ ይስባሉ?» ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር «በቤት ውስጥ የሚያስገድድዎት ሰው አለ?» አለች። የለም አልኋት። ጻፈችና ቀጠለች። «ዛሬ ማታ እንገናኛለን ብለው ሲያስቡ ሰውነትዎ ምን ያደርጋል?»

ለዚህ ጥያቄ መልሱን ከነልኩ አውቀዋለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ። ስለ ጾም ነገርኋት።

በእኛ ቤት ረቡዕና አርብ ጾም ነው። ነቢያት አለ፣ ሐዋርያት አለ፣ ፍልሰታ አለ፣ ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ባልና ሚስት በመኝታ ይለያያሉ። ሌላው ሰው የጾሙን መፈቻ በጉጉት ሲቆጥር እኔ የምቆጥረው የቀረኝን ዕረፍት ነበር። ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ሴቱ ሁሉ ስለ ዶሮና ስለ ቅቤ ሲያወራ የእኔ ሆድ ከሰኞ ጀምሮ ይጠብቅ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሃምሳ ቀን ረቡዕና አርብ እንኳን አይጾምም፤ የምሸሸግበት ቀን የለም። አንድ ዓመት የጽጌን ጾም ያዝሁ። የፈቃድ ጾም ነው፣ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5፤ ከዚያ ነቢያት ሊገባ የሚቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። አማቴ «ምራቴ ጻድቅ ሆነች» ብለው ለቡና ጎረቤት አወሩ። ባለቤቴ ምንም አላለም። ትንሹ ልጃችን ሌሊት ያስላል በሚል ሰበብ መደቡ ላይ መተኛት ጀመረ፤ ልጁ ሳሉን ከተወ በኋላም እዚያው ቀረ።

ይህን ስነግራት አላዘነችልኝም፤ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ማዘን የሚያውቅ ሰው ሞልቶ ነበር። «ሰውነትዎ ሕመሙን አስቀድሞ ስለሚጠብቅ ጡንቻው ከመነካቱ በፊት ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ጡንቻ ሲነካ ደግሞ የባሰ ያማል፤ ከዚያ በሚቀጥለው ጊዜ የበለጠ ይኮማተራል» አለችኝና ከፊት ካለው የዳሌ አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተዘርግቶ ፊኛን፣ ማኅፀንንና የታችኛውን አንጀት ከሥር የሚሸከመውን ጡንቻ በፕላስቲክ ሞዴል አሳየችኝ። እኔ ወዲያው የገባኝ በስፌት መኪናዬ ነው፤ የክር ማጥበቂያው ከልኩ በላይ ሲዞር ጨርቁ ምንም እንከን ሳይኖረው ይጨማደዳል፣ ክሩም ይበጠሳል። ጨርቁን ደጋግሞ መመርመር ዋጋ የለውም። ይህን ስላት ሳቀች፤ ለሌሎች ታካሚዎችም እንደምትነግራቸው ቃል ገባች።

አሁን ስለ ሕክምናው ራሱ። መጀመሪያ የሚሰጠው መተንፈስ ነው። አዎን፣ 600 ብር ከፍላችሁ አልጋ ላይ ተጋድማችሁ ትተነፍሳላችሁ። አየር ስናስገባ ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም ወደ ታች ይወርዳል፤ የዳሌው ወለልም አብሮት ይወርዳል፤ ስናስወጣ ይመለሳል። በእኔ ግን አይወርድም ነበር። ቀኑን ሙሉ ሆዴን ስቤ፣ መቀነቴን አጥብቄ፣ ትንፋሼን ይዤ ነው የምጠልፈው፤ መርፌው ጠባብ ቦታ ሲገባ ትንፋሽ መያዝ የጠላፊ ሁሉ ልማድ ነው። «መቀነቱን ያላሉ» አለችኝ። እናቴ ከወለድሁ ጀምሮ «አጥብቂው» ስትለኝ የኖረችውን መቀነት በሐኪም ትእዛዝ ማላላት እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ የጎጃም ሴት ታውቀዋለች።

ሁለተኛው ትእዛዝ «መጨበጥ ያቁሙ» የሚል ነው። በስልክ የሚዞሩት ቪዲዮዎች ሁሉ ከወሊድ በኋላ ያለች ሴት የዳሌዋን ጡንቻ ጨብጣ ትልቀቅ ይላሉ። እንቅስቃሴው አርኖልድ ኬግል የተባለ አሜሪካዊ የማኅፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ነው፤ ጡንቻዋ ላልቶ ሲያስላት ወይም ስትስቅ ሽንት ለሚያመልጣት ሴት ጥሩ ነው። ጡንቻው ቀድሞውኑ ለተኮማተረ ሴት ግን ሕመሙን ሊያብስ ይችላል። ስለዚህ ሳይመረመሩ በቪዲዮ መጨበጥ አይበጅም። አንድ ነገር ከዚህ ጽሑፍ ብትይዙ ይህን ያዙ፤ ዋጋው ነጻ ነው።

ከዚያ የውስጥ ምርመራ ይመጣል። ብዙዎች የሚፈሩት ይህ ስለሆነ በዝርዝር ልንገራችሁ። ግዴታ አይደለም፤ አልፈልግም ካላችሁ በውጭ በኩል ብቻ ትሠራለች። የምትጠቀመው አንድ ጣት፣ ጓንትና ጄል ነው። የማኅፀን ሐኪሞች የሚያስገቡት የብረት መክፈቻ የለም። ከመጀመሯ በፊት «ልጀምር?» ትላለች፤ «እሺ» እስክትባል እጇን ከጉልበታችሁ ላይ አታነሣም። መሀል ላይ «በቃ» ያላችሁ እንደሆነ በዚያው ቅጽበት ታቆማለች። ይህን ለመፈተን አንዴ ሳያመኝ «በቃ» አልሁ፤ አቆመች፣ ምክንያት አልጠየቀችም። በግራ በኩል አንድ ቦታ ስትጫን ደግሞ ያ የሽንቴ ማቃጠል ራሱ፣ ከነቦታው፣ መጣ። ፊኛዬ ባዶ ነበር። የዚህን ሁሉ ዘመን ፀረ ተህዋስ የዋጥሁለት ማቃጠል በጣት ጫፍ ሲነሣና ጣቱ ቀስ ብሎ ሲቆይበት ሲበርድ አየሁት። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልገኝም።

ለቤት የሚሰጠው ሥራ ዕለት ዕለት የሚሠራ መተንፈስ፣ ጉልበትን ወደ ደረት አቅፎ መቆየት፣ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ የታችኛው ሆድ ላይ ማድረግ፣ ከሥራ መሀል እየተነሡ መንቀሳቀስ ነው። ቆይቶ ከትንሽ ወደ ትልቅ በመጠን የሚለያዩ፣ ወደ ውስጥ እየገቡ ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያስለምዱ የፕላስቲክ መሣሪያዎች ይመጣሉ። እዚህ ላይ ቅር ብሎኛል። ክሊኒኩ የሚሸጠው ሙሉውን ስብስብ ብቻ ነው፤ ለእኔ የሚያስፈልገኝ ትንንሾቹ ነበሩ። ከከተማው መድኃኒት ቤቶች በአንዱም አላገኘሁም፤ ስለዚህ የተባለውን ከፈልሁ። ትልልቆቹ እስካሁን ከነማሸጊያቸው ሣጥን ውስጥ ናቸው። ለአንዲት ድሃ ሴት በነጠላ ቢሸጡላት ምን ነበረበት?

ማለስለሻ ጄልን በሚመለከት፣ በውሃ የተሠራውን ጠይቁ። ቫዝሊንና ዘይት የላቴክስ ኮንዶምን ያበላሻሉ፤ በዚያ ለምትከላከሉ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ የቆመው ልጅ ስጠይቀው «ለምንሽ ነው?» ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ለስፌት መኪናዬ» ብዬው ወጣሁ።

ባለቤቴን ይዤ የሄድሁበት ቀጠሮ ከሁሉም የተለየ ነበር። እህል ነጋዴ ነው፤ ስለ በቆሎ ዋጋ ሲሆን የሚያወራ፣ ስለ ሌላው ዝም የሚል። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሲስተር ሞዴሉን አሳየችው፤ ጡንቻው የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያልቅ፣ ለምን እንደሚኮማተር። ዝም ብሎ ሰማ። ጨርሳ «ጥያቄ አለዎት?» ስትለው ሞዴሉን እያየ «እኔ የጠላችኝ መስሎኝ ነው» አላት። ለእኔ አላለኝም፤ ለእሷ ነው ያላት። እሷም ቀና ብላ፣ «ጡንቻው የሚኮማተረው በእርስዎ አይደለም፤ በእኔ ጣትም ይኮማተራል፤ በሐኪሙ መሣሪያም ይኮማተር ነበር» አለችው። እኔ በስንት ልቅሶ ያላስረዳሁትን በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ገባው።

ከዚያ ለጊዜው ግንኙነት ማቆም እንዳለብን ነገረችን። ባለቤቴ «ደግሞ ሌላ ሁዳዴ?» አለ፤ ሦስታችንም ሳቅን። ልዩነቱ ይህኛው ለመሸሽ አለመሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አብረን እንድንተኛ፣ እጅ ለእጅ፣ ጀርባ፣ ትከሻ፣ ፀጉር እንድንነካካ፣ ወደ ሌላ ነገር ግን እንዳናልፍ አዘዘችን። ማስተርስና ጆንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ያወጡት ዘዴ ነው፤ ከእነሱ በኋላ በብዙ አገር ተሠርቶበታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መጨረሻው ወደማይፈለግበት እንደማያመራ ሰውነት ሲያውቅ መጠበቁን ይተዋል። ባለቤቴ ከመደቡ ወደ አልጋ የተመለሰው በዚህ ክልከላ ጊዜ ነው። ሳንከለከል ያልመጣው ሰው ስንከለከል መጣ። እኔም እጁ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ «አሁን ምን ሊከተል ነው» ብዬ ሳልሰጋ ያደርሁት ያን ጊዜ ነው። ክልከላው ሲነሣ ቀስ በቀስ ነው፤ «ቆይ» ካልሁ ይቆያል፣ «በቃ» ካልሁ ይቀራል፤ ይህን ራሱ ሲስተር ፊት ተስማምተንበታል።

አሁን ነቀፌታዬን ስሙ። አንደኛ፣ የመጠበቂያው አግዳሚ ብረት ነው። ቀዝቃዛ፣ ጠንካራ፣ መሀሉ የተቦረቦረ ብረት። መቀመጥ ለሚያማቸው ሰዎች ሕክምና የሚሰጥ ቤት በብረት ላይ ያስቀምጣል! አስተያየት መስጫ ሣጥን ውስጥ ጽፌ ከትቻለሁ፤ አግዳሚው እንዳለ ነው። ሁለተኛ፣ እንግዳ ተቀባይዋ ስም ስትጠራ የሕመሙንም ዓይነት ትጠራለች። የወገብ ሕመምተኛ ቢጠራ ምንም አይደለም፤ ሰው ሁሉ ዞሮ የሚያየው የእኛ ሲጠራ ነው። ለሲስተር ከነገርኋት በኋላ በቁጥር መጥራት ጀምረዋል፤ አንዳንዴ ግን ይረሱታል። ሦስተኛ፣ ክፍሉን ከጎረቤቱ ክፍል የሚለየው ኮምፔንሳቶ ነው። ማዶ ያለው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ሲያጥፉ «ወይኔ» ሲሉ ይሰማኛል፤ እሳቸውም እኔን ይሰሙኛል ማለት ነው። አልጋውን የሚከልለው መጋረጃ ደግሞ ጫፉ ሳይቀመቀም ተቆርጦ የተሰቀለ ነው፤ ክሩ ይተረተራል። ለሕክምናው ምንም አያመጣም፤ ለዓይኔ ግን አልተመቸውም፤ መቀምቀሚያ ቢሰጡኝ በነጻ እሠራላቸው ነበር። አራተኛ፣ ለቤት የሚሰጡት የእንቅስቃሴ ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው። ሥዕሉ ይረዳል፣ ጽሑፉ አይረዳኝም። ሲስተር በቃል የነገረችኝን በትዕዛዝ መቀበያ ደብተሬ ላይ፣ በደንበኞች ልክ መሀል፣ ጽፌዋለሁ።

የማመሰግነው ደግሞ ይህን ነው። መንገድ በተዘጋ ሳምንት ለቀረ ቀጠሮ ቅጣት አይጠይቁም። ኔትወርክ ሲኖር ሲስተር በስልክ ትከታተላለች፤ ለዚያ አታስከፍልም። በዚህ ዘመን ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር መድረስ በራሱ በቀጠሮ የማይያዝ ነገር ስለሆነ ይህ ለእኔ ትልቅ ነው።

ዳንሁ ወይ? አልዳንሁም፤ ግን የበፊቷ አይደለሁም። ፀረ ተህዋስ መዋጥ ትቻለሁ። ከቀትር በፊት ያለውን ሥራ ተቀምጬ እጨርሳለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እየቆምሁ ነው የምሠራው። ወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ያሉት ቀናት ዛሬም ክፉ ናቸው። ከባለቤቴ ጋር ምንም የማያመኝ ጊዜ አለ፣ ትንሽ የሚያመኝ ጊዜ አለ፣ «ዛሬ ይቅር» የምለው ጊዜም አለ። ይህን ስል ግን ጾም መጥቀስ አያስፈልገኝም። ዘንድሮ ጽጌን አልጾምሁም። አማቴ «ምነው ዘንድሮስ ቀዘቀዝሽ?» አሉኝ። «እማማ፣ ሐኪም ከለከለኝ» አልኋቸው፤ ውሸት ነው፣ ንስሐ እገባበታለሁ።

ለማን ነው እንግዲህ? ምርመራዋ ሁሉ «ንጹሕ» ሆኖ ሕመሟ ላልተወ፣ ስትቀመጥ ወይም ስትገናኝ ለሚያማት፣ ካልቸሩ ባዶ ሆኖ ሽንቷ ለሚያቃጥላት ሴት ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ የተገኘባትም ከሐኪሟ ሕክምና ጎን ለጎን ልትጠቀምበት ትችላለች፤ ያን ሕመም ግን ይህ ሕክምና አያጠፋውም። ከግንኙነት በኋላ የሚደማት፣ ትኩሳት ያላት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚወርዳት፣ እርጉዝ ሆና ድንገት ሆዷን ያመማት፣ ያለ ምክንያት የከሳች ሴት 600 ብሯን እዚህ አታምጣ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ትሂድ። ከወሊድ በኋላ ሽንት ሳታውቀው ለሚፈሳት ሴት ደግሞ እዚያው ባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ይሠራል፣ ለፊስቱላ ሕክምና አያስከፍልም። ሰው የዳሌ ሕመም ያለበትን ሁሉ «ወደ ሐምሊን ሂጂ» ይላል፤ ሕመሙ ግን የተለያየ ነው።

ወንዶችም እንዳሉበት ልጨምር። በዚያ ብረት አግዳሚ ላይ ትራስ ይዘው የሚመጡ ሾፌሮች አይቻለሁ። በወንድ ላይ ሲሆን ብዙ ጊዜ «ፕሮስቴት ነው» ተብሎ ፀረ ተህዋስ ይታዘዛል፤ ከአብዛኞቹ ግን ምንም ባክቴሪያ አይገኝም። ለእነሱ ሌላ ወንድ ባለሙያ አለ፤ ስለ እሱ ሥራ የማውቀው የለኝም።

ሲስተር የምትሠራው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። ቀጠሮ በስልክ ይያዛል፤ ጠዋት ብትይዙ ከጎን ያለው ክፍል ባዶ ስለሚሆን በነጻነት ታወራላችሁ። ቀሚስ ልበሱ፣ ትራስ ያዙ፣ የሐኪሙን ወረቀት አትርሱ። ባለቤታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሯት፤ ለሁለተኛ ሰው የሚሆን ወንበር ከሽማግሌው ክፍል ነው የምታመጣው።